ጋሼን ካንዲ አደረግኩት

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ይሄን ያህል ጊዜ ጠፍቼ እንዲህ ብዬ መጀመሬ ራሱ ያሳፍራል፤ ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ አጥፍቻለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ የመጣሁበትን ልንገርህ። ጋሼ የለም።

አዎ፣ ያ ጋሼ። ፖኬሞን ጎ በሚባለው የስልክ ጨዋታችን ላይ የሰጠኸኝ ጋያራዶስ፣ ትልቁ ዓሣ። መጨረሻ ላይ የላክህልኝ መልእክት «ጋሼ እንዴት ነው?» የሚል ነበር፣ ታስታውሳለህ? ያልመለስኩልህ ስላላየሁት አይደለም። ከሁለት ቀን በፊት በስህተት ትራንስፈር አድርጌው፣ ማለትም ለጨዋታው ፕሮፌሰር ልኬ በካንዲ ለውጬው ነበር። «ነገ እነግረዋለሁ» አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ አንድ ዓሣ ብሎ ይቅርታ መጠየቁ ራሱ የሚያስቅ መሰለኝና ዝም አልኩ። ይኸው ዓመታት አለፉ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ቦታዬ ሞልቶ አዲስ ፖኬሞን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ማታ ነው፣ ጋደም ብያለሁ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው። ዜሮ ኮከብ ያላቸውን፣ ጨዋታው ደካማ የሚላቸውን ብቻ አወጣሁ፣ አንዱን ጫን አድርጌ ያዝኩና የቀሩትን በአውራ ጣቴ ነካ ነካ ማድረግ ጀመርኩ። ፒጂ፣ ራታታ፣ ፒጂ፣ ዙባት፣ አሁንም ፒጂ። ጋሼ እዚያ መሃል ነበር። ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ሁልጊዜው ሳላነብ እሺ አልኩ። ፌቨሪት አድርጌው ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ራሱ አያስነካኝም ነበር። አንዲት ኮከብ መንካት ነበር የቀረችኝ።

ጋሼ እንዴት ዜሮ ኮከብ ውስጥ ገባ ትለኝ ይሆናል፤ አንተ ጋ እያለ እኮ አይቪው (የጥቃት፣ የመከላከያና የጤና ነጥቡ) 14፣ 15፣ 13 ነበር፣ ከመቶ 93። ትሬዱ ነው ያደረገው። ሁለት ሰው ሲለዋወጥ አይቪው እንደ አዲስ ይጣላል፣ እንደ ዳይስ። እኔ ጋ ሲደርስ ጥቃቱ 6፣ መከላከያው 7፣ ጤናው 5 ሆኖ ወጣ። ሳቅህ ትዝ ይለኛል። «ሰው ቤት ሲገባ ከሳ» ብለህ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ሒሳቡ ነው። ማጂካርፕ የምትባለዋን ዓሣ ኢቮልቭ አድርጎ (ወደ ቀጣዩ ቅርጽ አሳድጎ) ጋያራዶስ ለማድረግ 400 ካንዲ (የማሳደጊያ ነጥብ) ይፈልጋል። አንዷን ስትይዝ የምታገኘው 3 ካንዲ፣ ይዘሃት ስትሄድ ደግሞ በኪሎ ሜትር 1። አንተ ትዕግስት አጥተህ ግማሹን ያህል በእግርህ እንደሞላኸው አውቃለሁ፤ በየቀኑ ስንት እንደቀረህ ትነግረኝ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት ፕሮፌሰሩ ጋ ሲላክ ስንት ካንዲ እንደሰጠኝ ታውቃለህ? አንድ።

ለነገሩ እኔ በዚህ ጨዋታ ከችኮላ በቀር ምን አውቃለሁ። ቤልደም የሚባለውን ፖኬሞን ጉድ አትረሳውም። 2018 ኦክቶበር፣ ኮሚዩኒቲ ደይ የሚባለው የጨዋታው ልዩ ቀን ሊሆን አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ መጀመሪያ 25 ከዚያም 100 ካንዲ አውጥቼ ሜታግሮስ አደረግኩት። በማግስቱ በሰዓቱ ኢቮልቭ ያደረገ ሁሉ ሚቲዮር ማሽ የሚባለውን ምት በነፃ ሲያገኝ እኔ ዝም ብዬ ተመለከትኩ። ያለዚያ ምት ሜታግሮስ ብረት ብቻ ነው። ደወልኩልህ፣ አንተም ለአምስት ደቂቃ ያህል ስቀህ ስታበቃ «ጣትህን እሰራት» አልከኝ። አልሰማሁህም፣ ይኸው ጋሼ።

አሁን ግን ትንሽ ብልህ ሆኛለሁ (እመነኝ)። ኢቮልቭ ከማድረጌ በፊት ሦስቱን የአይቪ መስመር አያለሁ፣ ምክንያቱም ኢቮልቭ ማድረግ አይቪውን አያሻሽለውም። ደካማ ከሆነ አድጎም ደካማ ነው። ደግሞ «ዜሮ ኮከብ ሁሉ ቆሻሻ ነው» የሚሉትን መስማት አቁሜያለሁ። ሲፒው (ጠቅላላ የጉልበት ቁጥሩ) በ1500 በተገደበበት ግሬት ሊግ የሚባል ውድድር ላይ ጥቃቱ ዝቅ፣ መከላከያውና ጤናው ከፍ ያለው ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚበልጠው፤ ጥቃት ሲፒውን ቶሎ ስለሚያሳድገው ዝቅ ማለቱ ለሌላው ቦታ ይተዋል። ስንቱን እንዲህ ያለ ጣልን መሰለህ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሳየው ወዲያው አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። «ሁለት ፖኬሞን አንድ ማድረግ ለምን አይቻልም?» እያልክ ትነጫነጭ አልነበር? ተቻለ። በ2024 ኔክሮዝማን ከሶልጋሊዮ ወይም ከሉናላ ጋር ማዋሃድ ተጀመረ፣ በ2025 ደግሞ ኪዩረም መጣ። ኪዩረምን ከረሺራም ጋር ካዋሃድከው ነጩ፣ ከዘክሮም ጋር ካዋሃድከው ጥቁሩ ይሆናል። 1000 የማዋሃጃ ኢነርጂ እና ከሁለቱም ወገን 30 30 ካንዲ ያስወጣል። እኔ በዚህኛው የምወደው መመለስ መቻሉ ነው። ሲያሰኝህ ትለያቸዋለህ፣ ሁለቱም እንደነበሩ ይገኛሉ፣ ለመለያየት ምንም አትከፍልም። እንደገና ላገናኛቸው ካልክ ግን ኢነርጂውን እንደ አዲስ ትለቅማለህ። ለእኔ ዓይነቱ ጣት የተሠራ ነው የሚመስለው። ኢቮልቭ ያደረግከውን ወይም ትራንስፈር ያደረግከውን ግን ማንም አይመልስልህም።

አሁን ወደ ልመናዬ። አካውንትህን አጥፍተኸዋል? እባክህ አላጠፋሁም በለኝ። ጨዋታው በወጣበት ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 2016 ጁላይና ኦገስት የያዝካቸው አሉህ አይደል? እነዚያ አሁን ወርቅ ናቸው። በዚያን ጊዜ የተያዘ ፖኬሞን ትሬድ ሲደረግ፣ እኔ እስካሁን ያገኘኋቸው ለኪዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ ያለ ጥርጥር ለኪ ሆኖ ይመጣል፤ አንተ ጋ የሚቀረውም እንደዚያው። ለኪ ማለት ሦስቱም አይቪ ከ12 አይወርዱም፣ ስታሳድገው ደግሞ የምታወጣው ስታርደስት (የማጠንከሪያ ዱቄቱ) በግማሽ ነው። ከደረጃ 1 እስከ 40 ለማድረስ 270,000 የሚፈጀው በ135,000 ያልቃል። ሜዳ ላይ የተያዘ አንድ ፖኬሞን ሦስቱንም 15 የመሆን ዕድሉ ከ4,096 አንድ ነው፣ የለኪው ከ64 አንድ። እና አንተ የረሳሃቸው ያረጁ ፒጂዎች እዚያ ተኝተዋል! ብቻ ገብተህ «እስቲ ላጽዳ» እንዳትል። በተያዙበት ዓመት ፈልጋቸውና ሁሉንም ፌቨሪት አድርጋቸው። እኔን አይተህ ተማር።

ሌላው ደስ ያለኝ ነገር፣ ይህን ያህል ዘመን ብንጠፋፋም የወዳጅነት ደረጃችን አልወረደም። ቤስት ፍሬንድ ለመባል 90 ቀን ነበር የፈጀብን፣ ልቡ አሁንም አራት ነው። ትላንት ገብቼ አየሁት። ስምህ ሥር አንድ ያልተከፈተ ስጦታ አለ፣ ከመጥፋታችን በፊት የላክኸው። እኔ ካልከፈትኩት አንተ ሌላ መላክ አትችልም፤ ያ ሁሉ ጊዜ በሩን ዘግቼብህ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላሳይህ አስቤያለሁ። ከዓመት በፊት አንዲት ማጂካርፕ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ስይዝም፣ ስሄድም፣ አንዳንዴ ዝናብ ላይም። ባለፈው ሳምንት 400 ሞላ። ማንም ሳይነካው ተቀምጧል፣ እኔም አልነካሁትም፣ አይገርምም? ካንዲ ለሰው አይሰጥም፣ ስለዚህ በእኔው ስልክ ላይ ኢቮልቭ ተደርጎ ነው ወደ አንተ የሚሻገረው፣ ትሬድ ለማድረግ ደግሞ እኔና አንተ ባለንበት ደረጃ በ100 ሜትር ውስጥ መሆን አለብን። እና ምቹ ቀን ንገረኝ፣ እመጣለሁ። ቁልፉን አንተ ትጫነዋለህ። አይቪው ደግሞ ሲሻገር እንደገና ይጣላል፤ ዜሮ ኮከብ ከወጣ ግን ተራዬ ነው፣ እኔ ነኝ የምስቀው።

ስጦታህን ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ። ገብተህ እይ።

ወንድምህ