ፋጉሎው ላሞቹ ጋ ከመድረሱ በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ስኳሩስ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ፋጉሎው (ከኑግ ዘይት ተጨምቆ የሚቀረው የከብት መኖ) የሻጋታ መርዝ እንዳለበት እንዲያዩበት የላክሁት ስትሪፕ፣ ማለትም ቀጭኑ የመመርመሪያ ወረቀት፣ ለምን እንደ ስኳር መለኪያዎ ቁጥር እንደማያወጣ ጠይቀውኛል። ስኳር በደም ውስጥ ብዙ ነው፤ በሊትር ወደ 1 ግራም ይጠጋል። የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ግን በአንድ ኩንታል ፋጉሎ ውስጥ 2 ሚሊግራም ብቻ ቢገኝ አሜሪካኖች ለወተት ላም መኖ ካስቀመጡት ጣሪያ ደረሰ ማለት ነው። ከስኳሩ 50,000 ጊዜ ያነሰ! ስለዚህ መርዙን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እጅግ በደቀቀ ወርቅ ላይ እንለጥፋለን፤ ቀዩን መስመር የሚሰጠው ወርቁ ነው።

አነባበቡ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ቀይ መስመር ካዩ ደህና ነው። መርዝ ካለ ፀረ እንግዳውን ቀድሞ ስለሚይዘው የታችኛው መስመር ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። የላይኛው ካልወጣ ግን ስትሪፑ ተበላሽቷልና ይጣሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጆንያው ላይ ነው። ሻጋታ እኩል አይሰራጭም፤ አንዱ ጥግ ክፉኛ ተበክሎ ሌላው ንጹሕ ይሆናል። ከላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ መለካት ራስን ማታለል ነው። ከየጆንያው ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታችና ከጥጉ ይውሰዱ፤ ድምሩ 2 ኪሎ ያህል ይሁን። አስፈጭተው ይደባልቁት፤ ክምሩን አራት ቦታ ከፍለው ትይዩ ያሉትን ሁለቱን ያስቀሩ፣ እንደገና ይክፈሉ። በመጨረሻ ከቀረው 10 ግራም መዝነው ከትልቁ ጠርሙስ 50 ሚሊ ሊትር ይጨምሩበትና 3 ደቂቃ በደንብ ይናጡት። ፈሳሹ ሜታኖል አለበት፤ አረቄ አረቄ ቢሸትም ዓይን ያጠፋል፣ ልጆቹ እንዳይነኩት።

ሲረጋ ከመሃል ጠራ ያለውን ብቻ ይቅዱ። የኑግ ቅባትና አተላ ስትሪፑን ስለሚደፍነው ቀለሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ስትሪፑን ከማስነካትዎ በፊት የቀዱትን በትንሿ ብልቃጥ ፈሳሽ ማቅጠን አይርሱ፤ አለዚያ አልኮሉ ፀረ እንግዳውን ያበላሸዋል፣ የወርቁም ቅንጣቶች ተጣብቀው ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሰማያዊ ካዩ ውጤቱን አይመኑ።

ስትሪፖቹን ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጡ ከነማሸጊያቸው ግማሽ ሰዓት ውጭ አቆይተው ይክፈቱ፤ ቀዝቃዛው ወዲያው ከተከፈተ እርጥበት ይይዛል። ለበቆሎ የተሠራውን ገበያ ላይ አግኝተው ለፋጉሎ አይጠቀሙበት፣ ሌላ ነገር ያነብብዎታል።

መስመሩ ከጠፋ ያንን ፋጉሎ ያቁሙ፤ ለዶሮም አይስጡት። መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ማፍላትም ማርጋትም አያጠፋውም። አዲስ አበባ ዙሪያ በተሠራና በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት መርዙ ወደ ወተት የሚገባበት ዋናው መንገድ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። መኖው ከተቀየረ ወተቱ በጥቂት ቀናት ይጠራል።

መስመሩ ደብዝዞ ካጠራጠረዎት በቀን ብርሃን ፎቶ ያስነሱትና በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ ያስቀሩትንም ዱቄት እስክመልስልዎ አይድፉት።

ልጅዎ