ባለጉዳዩ ማን ነው?

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙሉጌታ፤

እንደምን ከርመሃል? እትዬ ጥሩወርቅስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ መጠፋፋት የሁለታችንም ልማድ አልነበረም፤ ምክንያቱን ግን አንተም ስለምታውቀው አልዘረዝረውም።

ብዕር ያነሣሁት ያ የቆየ ክርክራችን ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ስለተነሣብኝ ነው። በመንግሥታት መካከል ያለው ጉልበት ብቻ ነው፤ ሥነ ምግባር ጉልበተኛው ሲፈልግ የሚደርበው ካባ ነው ትል ነበር። ማስረጃህም ሁልጊዜ ጄኔቭ ነበረች። እውነትህን ነው፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ሲናገሩ የማኅበሩ ቃል ኪዳን በወረቀት ላይ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ግን ነዳጅን አልነካም፣ የስዊዝም ቦይ አልተዘጋም፣ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ራሱ ተነሣ። ለካባው ነገር ደግሞ አንተ ከምትጠቅሰው የባሰ ምስክር እጨምርልሃለሁ። ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ጣሊያን ለማኅበሩ ባቀረበችው ረጅም የክስ ጽሑፍ ኢትዮጵያን የወነጀለቻት በባሪያ ንግድ ነበር። ባርነቱ ደግሞ በእርግጥ ነበር። እዚህ ፒያሳ በወጣሁ ቁጥር ጣሊያን የሠራውን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ሳይ፣ «ነጻ ላወጣ መጣሁ» ባይ ጦር ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ ከስድስት ወር በላይ ጎንደርን ይዞ መቆየቱን፣ እጁንም የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. መሆኑን አስታውሳለሁ።

ነገር ግን ታሪኩ ጄኔቭ ላይ አያበቃም። ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የክሱ ምክንያት ዛሬ ናሚቢያ የምንላት ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ናት፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሞግዚትነት የተረከበቻትን ይህችን አገር ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ትገዛት ነበር። ከሳሾቹ አንድም ዜጋቸው አልተጎዳም፣ አንድም ስንዝር መሬት አልተወሰደባቸውም። የክስ መብታቸውን የመዘዙት የሞግዚትነቱ ሰነድ ለማኅበሩ አባላት ከሰጠው ክርክርን ወደ ፍርድ ቤት የመውሰድ መብት ነው። ልብ በል፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የገባችበት፣ በክፉ ቀን ጥሏት የሄደው፣ በዚያን ጊዜም ከፈረሰ ዓመታት ያስቆጠረው ማኅበር የተወላትን ወረቀት ይዛ ነው ለሌላ ሕዝብ የቆመችው። ጉልበት ብቻ ነው የምትለው አስተሳሰብ ይህን እንዴት እንደሚያስረዳው እስካሁን አልነገርኸኝም።

ፍርዱ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ተሰጠ። ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ስለተከፈሉ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ሚዛኑን ደፋ፤ ፍርድ ቤቱም ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም፣ ሰብአዊ ርኅራኄም ለሕግ መነሻ ቢሆን እንጂ በራሱ ሕግ አይደለም ብሎ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። አፓርታይድ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጭብጥ ሳይነካ ታለፈ። አንተ ጠበቃ ነህና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓታችን አንቀጽ 33 ትዝ ሳይልህ አይቀርም፤ ባለጉዳይ ያልሆነ ሰው ከሳሽ አይሆንም።

እኔ በዚያ ውሳኔ የደረሱትን ዳኞች በክፋት ብቻ አልጠረጥራቸውም። በሌላው አገር በደል ሁሉም ባለጉዳይ ነው ከተባለ፣ በዚያ በር ቀድሞ የሚገባው ጉልበተኛው ነው የሚል ስጋት አለ፤ የ1927ቱ የባሪያ ንግድ ክስም ስጋቱ ከንቱ እንዳልሆነ ይመሰክራል። ይህንኑ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ከደባርቅ የመጣች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ጎረቤት ሲጮህ በሩን ሰብሮ መግባትና ሽማግሌ መጥራት አንድ ነው እንዴ?» አለችኝ። ለዓመታት ላስረዳህ ስሞክር የነበረውን ነገር ከዚህ አሳጥሮ የተናገረው አልሰማሁም። ጦር ይዞ ለመግባት በሩ እጅግ ጠባብ መሆን አለበት፤ በዳኛ ፊት ቆሞ ለመጠየቅ ግን ሰፊ ቢሆን የሚጎዳ ነገር አይታየኝም፤ ምክንያቱም ጠያቂው ማስረጃ ከማቅረብ፣ መልስ ከመስማት፣ ከተረታም ከመቀበል አያመልጥም። ጣሊያን በ1928 ያመለጠችው ከዚህ ሁሉ ነው።

ፍርድ ቤቱም ከዚያ አቋም ቀስ በቀስ ርቋል። በ1962 ዓ.ም. የዘር ማጥፋትንና ባርነትን የመሰሉ በደሎችን መከልከል የመንግሥታት ሁሉ ጉዳይ እንደሆነ ተናገረ፤ በ1963 ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያን ለቃ እንድትወጣ የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። በምያንማር የሚኖሩት አናሳ ሙስሊም ሕዝብ ሮሂንጋዎች ከጋምቢያ ጋር ወሰን የላቸውም፤ ሆኖም ጋምቢያ በ2012 ስለ እነርሱ ምያንማርን ስትከስ፣ የዘር ማጥፋት ስምምነት ፈራሚ በመሆኗ ብቻ ክሱን ለማቅረብ መብት አላት ተባለ። በ2016 ደግሞ ስለ ጋዛ በእስራኤል ላይ ክስ ያቀረበችው ያችው የቀድሞዋ ተከሳሽ ደቡብ አፍሪካ ናት።

አሁን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያንና የላይቤሪያን ክስ ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ሲወስን የኤርትራ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ከአንድ ወር ብዙም አላለፈውም ነበር። የናሚቢያን ሕዝብ መብት ዘ ሄግ የሚሟገትለት መንግሥት አስመራ ላይ የሠራው ይህ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ በሁለት ተከፈሉ፤ እጁ ያልጠራ ጠያቂ ጥያቄውን ያረክሰዋል ያሉ ነበሩ፣ ጥያቄው የጠያቂው ሳይሆን የተበዳዩ ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ፤ ግን ከልቤ አልረጋም። አንተ በችሎት የቆየህ ሰው ስለሆንህ ምን እንደምትል ጻፍልኝ፤ ከጥምቀት በኋላ ክርክሩን ስለምንቀጥል እስከዚያ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ጥምቀትን እዚህ ለማክበር የምትመጣ ከሆነም አስቀድመህ ደውልልኝ፤ በዚያ ሰሞን ማደሪያ እንደማይገኝ ታውቃለህ፣ እኔ ቤት ግን ክፍሉ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ ደሳለኝ