የበዛብህን እናት ያወቅኋት እሑድ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ

የኔ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ያስቸግረኛል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይላላልኛል፣ እስከ ሐይቁ ዳርም በእግሬ እመላለሳለሁ። ስደውልልሽ ወይ ተረኛ ነሽ ወይ ከሥራ ገብተሽ ደክሞሻል፤ እኔም «በላሽ? ተኛሽ?» ከማለት አላልፍም። ዛሬ የምነግርሽ ግን በስልክ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁ።

የነገርኩሽ የመጽሐፍ ማኅበራችን አሁን ስድስት ሰው ሆኗል። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ገብተን በየወሩ በየቤታችን እንሰበሰባለን፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ምንጣፍ እናነጥፋለን። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር አሉ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜዋን የጨረሰችው ጎረቤታችን አለች፤ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ፣ ሁለት ልብስ ሰፊ እህትማማቾች፣ ስድስተኛዋ እኔ። መጽሐፍ ተወዷል ልጄ፤ አንዱ የገዛውን ስድስታችን እናነበዋለን። በኪራይ የምናመጣውም አለ፤ ሽፋኑ በላስቲክ የተለበጠ፣ የመጀመሪያው ገጽ የጠፋ። የወሩ መጨረሻ እሑድ እያንዳንዱ አንብቦ የጨረሰውን ይዞ ይመጣል፤ የቱ ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዝም እንዳለ ይነግረናል። ሌላው ሕጋችን መጨረሻውን ላላነበበ ሰው አለመናገር ነው። በዚህ ሕግ ከትልቋ ልብስ ሰፊ ጋር ስንቴ ተኳርፈናል! መጽሐፉ ሲጥማት መጨረሻው ከአፏ ያመልጣታል፤ ኋላ አፏን በእጇ ይዛ ይቅርታ ትለምናለች።

የኅዳር ተራ የኔ ነበር። ጾም ነውና ቆሎና ዳቦ አቀረብኩ፤ ቡናው የዘጌ ነው። መምህሩ አንደኛውን ቀምሰው ስኒውን ሳያስቀምጡ «የአማርኛ ልብ ወለድ የተነሣው ይህ ቡና ከበቀለበት አገር ሰው ነው» አሉን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ማለታቸው ነው። የተወለደው እዚህ ማዶ ዘጌ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ሮም ላይ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳትሞ «ልብ ወለድ ታሪክ» አላት፤ ዛሬ ሁላችን በአፋችን የለመድነው «ልብ ወለድ» የሚለው ስም ከእርሷ ርእስ የተወሰደ ነው። ጦቢያ የምትባል ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። መምህሩ ሲያወሩ እኔ ዓይኔ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ላይ ነበር፤ ሐሳቤም ወዳንቺ ሄደ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ በጀልባ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስወስድሽ፣ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል እያንዳንዱን በጣትሽ እያሳየሽ «ከዚያስ? ከዚያስ?» ትይኝ ነበር። የማላውቀውን ስዘልልሽ አንቺው ራስሽ ትሞዪው ነበር።

ባጃጅ ነጂው «አልወለድም»ን ነበር የጨረሰው። ደራሲው አቤ ጉበኛም የኛው ሰፈር ሰው ነው፣ የአቸፈር። በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ የታገደ መጽሐፍ ነው፤ በእናቱ ማኅፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም እያለ ይሟገታል። ልጁ ተራ እየጠበቀ ነው የሚያነበው። «ጽንሱ መናገር ሲጀምር ሁለት ተሳፋሪ በሩን እየመታ አልሰማሁትም» አለን። ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ አልተነጋገርንም፤ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ነበር፣ ሁሉም የሚጠብቀው የኔን ነበር።

እኔ ያመጣሁት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ሦስተኛዬ ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። አያትሽ ፊደል አልቆጠረችም። በሰፈሩ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበርና ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ልጅ ያዘለችውም፣ ጥጥ የምትፈትለውም፣ ከሥራ የገባውም። ትረካው ሲያልቅ ማንም አይነሣም። ከዚያ እስከሚቀጥለው ቀን ድረስ ወፍጮ ቤትም ሲኬድ፣ ውኃም ሲቀዳ ወሬው ሰብለ ወንጌል ናት። አያትሽ የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን የራሷን መሬት እንደቀማት ሰው ትረግመው ነበር። አንዲት ፊደል ሳታውቅ ከብዙ አንባቢ የበለጠ መጽሐፉን ኖራዋለች።

ሁለተኛውን ጊዜ ሳላገባ በኪራይ አነበብኩት። ያን ጊዜ የምፈልገው ፍቅሩን ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች፣ የበዛብህን አባትና እናት የቦጋለንና የውድነሽን፣ በጥድፊያ አለፍኳቸው፤ ልቤ ቶሎ ዲማ ደርሶ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሲተያዩ ማየት ነበር። ዘንድሮ ግን የማነበው ለስድስት ሰው ነውና አንድ መስመር አልዘለልኩም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች ነው፤ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በሩ ላይ ቆመው ሳላያቸው ሳሎን ገብቼ ኖሯል።

መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው ስል ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ «ርእሱ ራሱ ነግሮናልኮ» ብላ አሳቀችን። እውነቷን ነው። ደራሲው መቃብሩን ገና ሽፋኑ ላይ አሳይተውን ነው ወደ ውስጥ የሚያስገቡን፤ እኛም እያወቅን ምናልባት ይተርፉ ይሆናል እያልን እናነባለን። እኔ በሦስተኛውም ተስፋ አደረግሁ።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። በዛብህን የበደለው ማን ነው? መምህሩ እንደ ልማዳቸው በመጽሐፉ ውስጥ የዘመኑን ልማድ የሚነቅፈውን ጉዱ ካሳን ጠበቃ አቁመው ያን ዘመን ከነሥርዓቱ ከሰሱት። እህትማማቾቹ ፊታውራሪን ያዙ፤ የዘር ኩራት ሴት ልጁን አስቀረበት አሉ። ጎረቤታችን እስካሁን ድረስ ቆሎዋን እየቆረጠመች ዝም ብላ ነበር። ኋላ እንዲህ አለች፦

«እናንተ ሁላችሁም ከዲማ ነው የምትነሡት። እኔ በዛብህ ከተወለደበት ከማንኩሳ እነሣለሁ። ልጁ ገና ክፉና ደጉን ሳይለይ እናትና አባቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውበታል። ፊታውራሪን መጥላት ቀላል ነው። ጠላት ያሰረውን ወዳጅ ይፈታዋል፤ ወዳጅ ያሰረውንስ ማን ይፈታዋል?»

የኔ ዓለም፣ ጀበናውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

መምህሩ አልተቀበሏትም። ውድነሽና ቦጋለ ከዚያ ልጅ በላይ ምን ነበራቸው አሉ፤ ስለቱ ፍቅራቸው ነው። ደግሞም ያ ስለት ነው ፊደል ያስቆጠረው፣ ቅኔ ያስቀኘው፣ ዲማ ያደረሰው፤ ስለቱ ባይኖር ሰብለን የት ያገኛት ነበር? ይህም ትልቅ ነገር ነው፣ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ባጃጅ ነጂው «ታዲያ ልጁን ማን ጠየቀው?» አለ፤ የሱ መጽሐፍ ጽንስ ጭምር ይጠየቅ የሚል ነውና ከዚያ አምጥቶ ነው። ሦስተኛው ቡና ቀዘቀዘ። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ወርዳ ታንኳዎቹ ጥቁር እስኪሆኑ ድረስ ተከራከሩ። እኔ የራሴ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አራት ዓመትሽ ሳለ ወባ ይዞሽ ሦስት ሌሊት ተኝተሻል። ሰውነትሽ እንደ ምጣድ ይግል ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ያከመሽን ሰው እጁን ይዤ «ይቺ ልጅ ከተነሣችልኝ እንዳንተ ነው የማደርጋት» አልኩት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አልተሳልኩም፤ ለኔ ግን ስለት ነበረ። ተነሣሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ሐኪሟ ልጄ» እያልኩ አስተዋወቅሁሽ። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርሺ ያን ሰማያዊ ደብተርሽን ይዘሽ መጥተሽ፣ ሥነ ጽሑፍ ልማር ስትይኝ «ተረት እንጀራ አይሆንም» ብዬ ቅጹን በኔ ፍላጎት አስሞላሁሽ። አልተከራከርሽኝም። ታዛዥነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንዳነበብሽ፣ ምን እንዳስለቀሰሽ ነግረሽኝ አታውቂም። ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በድዬሻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ። የኔን ፍርሃት ያንቺ ዕዳ አደረግሁት።

ይህን ለማኅበሩ አልነገርኩም። ያንቺ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ሥራሽን ተዪ ማለቴ አይደለም፤ በእጅሽ ስንት ሰው ድኖ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ኮርቼብሻለሁም። የምለምንሽ መጽሐፉን እስከ ገና አንብበሽ እንድትመጪ ነው። ታሪኩን ከሰው እንደሰማሽ አውቃለሁ፤ መስማትና ማንበብ ግን ይለያያል። ትክክሏ ጎረቤታችን ናት ወይስ መምህሩ? እኔ እስካሁን አልቆረጥኩም፤ ሌሊት ሌሊት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያደርገኛል። ከስድስታችን ይልቅ ይህን መመለስ የምትችይው አንቺ ነሽ፤ መልስሽ የሚያመኝ ቢሆንም ልስማው።

ሰማያዊው ደብተርሽ አለ። ሣጥኑ ውስጥ በአያትሽ ነጠላ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። አልከፈትኩትም፤ ሳትፈቅጂልኝም አልከፍተውም። የታኅሣሡ ተራ የእህትማማቾቹ ነው፣ ከገና በኋላ ባለው እሑድ ይሆናል። መጥተሽ ከኛ ጋር ብትቀመጪ ቦታ አለ፤ ከደብተሩ ልታነቢልን ከፈለግሽም እሰየው፣ ካልፈለግሽም ቡናሽን ጠጪ።

መጽሐፉን ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ከበሶና ከቡና ጋር ነው። የመምህሩ መጽሐፍ ነውና ሽፋኑን አደራ። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት አለ፤ ያልተስማማሽበት ሥር የራስሽን ጻፊበት፣ መምህሩ ፈቅደዋል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንደኔ እንዳትዘያቸው።

ስትመጪም በአውቶቡስ እንቅልፍ እንደሚጥልሽ አውቃለሁ። ፍኖተ ሰላምን ካለፍሽ በኋላ፣ ቡሬ ሳትደርሺ፣ ማንኩሳ አለች። ስንቴ ተኝተሽ አልፈሻታል። ዘንድሮ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ።

እናትሽ