መንገዱ ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ ይከፈት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ የወጣውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው በከተማው የብስክሌት ጉዞ ዕለት አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ መኪና ውስጥ መቀመጣቸውን፣ ከኋላ ወንበር ላይም ሐኪም ቤት የሚያደርሷቸው እናታቸው እንደነበሩ ጽፈው፣ እንዲህ ያለው ዝግጅት ከነአካቴው ይቅር ብለዋል። በእናታቸው ድካም ከልቤ አዝኛለሁ። እኔም በዚያው ዕለት፣ በዚያው መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ግን በብስክሌት። እሳቸው መንገዱ ዘገየብኝ ሲሉ እኔ ደግሞ ያለጊዜው ተከፈተብኝ እያልኩ ነበር። ሁለታችንም ያማረርነው ስለ አንድ ሰዓት ነው፣ ሁለታችንም እውነት አለን። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዕድሜዬ 51 ነው፣ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ገና የዛሬ ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲያጠልቅ ልጄ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሳ አለ። ከዚያ በኋላ የብስክሌት ነገር ዕረፍት ስለነሳው አንድ ያገለገለ ገዛንለት። ቁመቱ ሲጨምር እሱ ወደ ሌላ ተሻገረ፣ የመጀመሪያው ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። አንድ እሑድ ልጄ ኮርቻውን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አደረገው፣ ሁለቱንም ፔዳሎች ፈቶ አወጣቸው፣ «እማዬ፣ ነይ ውጪ» አለኝ። ፔዳል በሌለው ብስክሌት ላይ ተቀምጬ መሬቱን በእግሬ እየገፋሁ በቀስታ እንድንሸራተት አደረገኝ። በአራተኛው ቀን እግሮቼን አንስቼ ረጅም መንገድ መሄድ ስችል ፔዳሎቹን መለሳቸው። ለትልቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም፤ ሚዛን አስቀድሞ ይመጣል፣ መርገጡ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

የከተማው ጉዞ ምዝገባ ሲከፈት ቅጹን አብረን ሞላን። ርቀቱ 36 ኪሎ ሜትር፤ መንገዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ዝግ ይሆናል፤ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰዓቱ ይጨርሳል፤ ይላል ቅጹ። ሁለት ወር ሙሉ ማለዳ እየተነሳሁ ተለማመድኩ። ፍጥነቴን ጻፍኩት፤ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ደረስኩ። ይበቃኛል ብዬ አረፍኩ።

በዕለቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ መነሻው ቦታ ደረስን። ልጄ ከፈጣኖቹ ጋር ወደ ፊት ሄደ። እኔን አንድ ወጣት አስተናባሪ፣ «እናቴ፣ ቀስ ብለው የሚሄዱት ወደዚያ ነው» ብሎ በትሕትና ወደ ኋላ አመለከተኝ። እኔም ቀስ ብዬ የምሄድ ነኝና ሄድኩ። በእግሬ ጣቶች ቆሜ ወደ ፊት ሳይ ሄልሜት በሄልሜት ላይ እንጂ መነሻው አይታየኝም። ልክ በ1 ሰዓት ጥሩምባ ተነፋ፣ ጭብጨባው ከፊት ተነስቶ እኛ ጋ ደረሰ። እኛ ግን ንቅንቅ አላልንም። አንድ እግር ፔዳል ላይ፣ አንድ እግር መሬት ላይ፤ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ቁም፤ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ቁም። የፊት ጎማዬ የመነሻውን መስመር ሲረግጥ ሰዓቴን አየሁ። 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝ፤ ጉዳዩ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው። በ1 ሰዓት ከፊት የተነሳ ሰው 36 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርስበት ሦስት ሙሉ ሰዓት አለው፤ 36 ለ3 ሲካፈል 12 ነው። ቅጹ ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። በ1 ሰዓት ከ40 የተነሳ ሰው ግን የቀረው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። 36ን ለዚህ ስናካፍለው 15.4 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ከፊት የቆመው ፈጣን ሰው በሰዓት 12 ቢሄድ ይበቃዋል፣ ከኋላ የቆመው ቀርፋፋ ሰው ከ15 በላይ መሄድ አለበት። ቀስ ብለሽ ነው የምትሄጂው ተብዬ ወደ ኋላ ተወሰድኩ፤ ወደ ኋላ በመወሰዴ ደግሞ በፍጥነት እንድሄድ ተፈረደብኝ።

ይህን ያሰላሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ዘግይተው መጥተው ከእኛ ኋላ የተሰለፉ ፈጣን ወጣቶች ነበሩ፤ መስመሩን እንዳለፉ በግራም በቀኝም ሰውን እየታከኩ ወደ ፊት መሹለክ ጀመሩ። እኛም ዘገምተኞቹ ከአቅማችን በላይ ረገጥን። ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ መንገዱ ከሦስት መስመር ወደ ሁለት የሚጠብበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ከፊቴ የነበረች አንዲት ሴት የፊት ጎማዋ ከቀደማት ሰው የኋላ ጎማ ጎን ገብቶ ተነካካ። እንዲህ ሲሆን የሚወድቀው ከኋላ ያለው ነው። ብስክሌት ሳይወድቅ የሚሄደው መሪው ወደ ዘነበለበት ጎን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ስለሚዞር ነው፤ ጎማው በሌላ ጎማ ከተያዘ መሪው አይዞርም፣ ሰውየው ይወድቃል። ከፊት ያለው መነካቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሴትዮዋ በጉልበቷና በክንዷ አስፋልቱን መታችው። ፍሬን ይዤ ወረድኩ። ሰንሰለቷ ከማርሹ ወጥቶ ነበር፤ ልጄ እንዳሳየኝ ከታች በኩል አስገብቼ ፔዳሉን በእጄ ወደ ኋላ አዞርኩላት፣ ቦታው ገባ። ጉልበቷ እየደማ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ይዘጋብሻል» ትለኝ ነበር። ራሷን ትታ የምትጨነቀው ለእኔ ሰዓት ነበር። አምስት ደቂቃ ሄደ፤ የሰንሰለቱ ቅባት ከጥፍሬ ሥር ለሦስት ቀን አልወጣም።

ስለ ሰዓቱ ብቻ ብጽፍ ግን ያን ቀን እበድለዋለሁ። ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ሕዝቡ ሳሳ፣ መንገዱ ሰፋ። ሞተር የሌለበት ሰፊ ጎዳና ድምፁ ሌላ ነው፤ የጎማ ሹክሹክታና የማርሽ ቀጭ ቀጭ፣ ከርቀትም የሰው ወሬ ይሰማል። በጎኔ የምትሄደው ልጅ ከአባቷ ጋር ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኝ ነበር። ከፊት ያለው ሰው ጉድጓድ ሲያይ እጁን ዝቅ አድርጎ ይጠቁምና «ጉድጓድ!» ይላል፤ ቀጣዩ ይቀበለውና ይደግመዋል፤ እኔም ተቀብዬ ደገምኩ። ቃሉ ከኋላዬ ካለው ሰው አፍ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት። አንዳችን የአንዳችንን ስም አናውቅም። በመኪና በየቀኑ በማልፍበት በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ 4 ሰዓት ሞላ። መጀመሪያ ያየሁት ውኃ የሚያድሉት ልጆች ጠረጴዛቸውን ሲያጥፉ ነው። ቀጥሎ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና እየተጓዘ የመንገድ መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ያነሳል። ከዚያ መኪናዎቹ መጡ። ለሦስት ሰዓት የታገቱ ሾፌሮች ናቸው፣ ችኮላቸው ይገባኛል። የአንዱ የጎን መስታወት የክርኔን ልብስ ነካው። ያቺ የትምህርት ቤቷን ነገር ስታወራ የነበረች ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከፊቴ ነበረች፤ አባቷ ከመኪናው በኩል ዞሮ በጎኗ ሆነ፣ አንድ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ በአንድ እጁ መሪውን ያዘ። «አትዪ፣ ቀጥ በይ፣ መንገድሽን ብቻ እዪ» ይላታል። ልጅቷ ወሬዋን አቁማለች።

የዝግጅቱ ሚኒባስ መጥቶ ተጫኑ አለን። ጥቂቶች ተሳፈሩ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንድ አባት፣ ማርሽ በሌለው ከባድ ብስክሌት ላይ የነበሩ፣ «እኔ አልደከመኝም፤ መንገዱ ነው የጠበበኝ» ብለው እምቢ አሉ። እኛ ስምንት ሰዎች ከእሳቸው ኋላ በአንድ መስመር ተሰለፍን፤ እሳቸው መሩን፣ ልጅቷን መሐል አስገባናት። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አይቶን እጁን ዘርግቶ መኪናውን ሁሉ በአራቱም በኩል አስቆመልን። ሁላችንም አልፈን እስክንጨርስ አልወረደም እጁ። ያንን ሰው አመሰግናለሁ፣ ይህ ጋዜጣ እጁ ይግባ እላለሁ።

የዝግጅቱ ሰዎች ለፍተዋል፤ ያን ያህል ሕዝብ ማስተናበር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሰዓቱ የተቆጠረው ከመጀመሪያው ሰው መነሻ ነው፤ መቆጠር ያለበት ከመጨረሻው ሰው መነሻ ነበር። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በሚካሄደው የቬተርን ሐይቅ ዙሪያ ጉዞ ሰዎቹ 315 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ ሲሆን፣ የሚነሱት በአንድ ጥሩምባ ሳይሆን በትንሽ በትንሽ ቡድን፣ በየጥቂት ደቂቃው ነው፤ እያንዳንዱ ሰው መነሻ ሰዓቱን አስቀድሞ ያውቃል። የኒው ዮርኩ የአምስቱ ክፍለ ከተሞች ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጀመር 250 ያህል ሰው ነበረው፤ ዛሬ 32 ሺህ ገደማ ሰው 64 ኪሎ ሜትር ይጋልባል፣ እነሱም በተራ በተራ ነው የሚለቀቁት። ሰዓት ደግሞ ከሰው አይበልጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ኬፕ ታውን ውስጥ ነፋሱ ብስክሌተኞችን ከመንገድ ሲጥል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የተመዘገበበትን ጉዞ በዚያው ጠዋት ሰርዘውታል።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንቱ ጸሐፊ ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይበልጡን ለእርስዎ ነው። እርስዎ ታግተው የነበሩት በመንገዱ መጀመሪያ አካባቢ እንደሆነ ከጻፉት ተረድቻለሁ። የመጨረሻው ብስክሌተኛ እዚያ ያለፈው ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ አውቃለሁ፣ እኔ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያ መንገድ አንድም ሰው ሳይኖርበት ባዶውን ተዘግቶ ቆየ። እናትዎን ያስጠበቃቸው ብስክሌት አልነበረም። በዚያው ሰዓት 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ሕፃን ልጅ እያለ መንገድ ተከፈተ። የመጨረሻውን ሰው አንድ መኪና ተከትሎ፣ እሱ ያለፈበት ቁራጭ መንገድ ወዲያው እየተከፈተ ቢሄድ ኖሮ፣ እርስዎ ያን ያህል ሳይታገቱ ባለፉ ነበር፣ እኛም ሳንሳቀቅ በጨረስን። ለአምቡላንስና ለሕመምተኛ የሚሆን ማቋረጫም በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ሊኖር ይገባል፤ ብስክሌተኛ ለአንድ ደቂቃ ቢቆም ምንም አይጎዳም፣ እግሩን መሬት ማድረግ ብቻ ነው። የማቋረጫዎቹ ካርታም ከሳምንት በፊት በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ይነገር። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በተጀመረው ልማድ መሠረት፣ ዛሬ እሑድና በዓል በመጣ ቁጥር ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቀቃል፤ ሰዉ የት እንደሚያቋርጥ ስለሚያውቅ ከተማው አብሮት ይኖራል።

ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ይህ ደብዳቤ እንዲወጣልኝ እለምናለሁ። እኔ እመዘገባለሁ፣ ቦታዬም ከኋላ ነው። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ ሁለታችን አብረን ለአዘጋጆቹ ብናመለክት ደስ ይለኛል፤ አድራሻዬ ዝግጅት ክፍላችሁ ጋ አለ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። መጨረሻው ቦታ ስንደርስ በአየር የተነፋው በር ተንፍሶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፣ መስመሩም ተነስቷል። ልጅቷ ብስክሌቷን ይዛ ዙሪያውን አየችና፣ «አባዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚያልቀው?» አለች። አባቷም እኔም አላወቅንም፤ ዝም አልናት። ልጄ ቀድሞ ጨርሶ ስለነበር ማታ ያነሳቸውን ፎቶዎች አየሁ። መስመሩ ከሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ትይዩ ነበር። እኛ ቆመን የነበርነው ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል አልፈን ነው። አባቷ ይህን ካነበቡ ይንገሯት፤ ተሻግራዋለች።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የሒሳብ መምህርት