ለሶስና፣ ስለ መከታ

ውድ እህቴ ሶስና፣

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እማማ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በጣም ተጠፋፋን። ኑሮ እኔንም አንቺንም ወዲያ ወዲህ ሲያደርገን ዓመቱ ነጎደ። መልእክትሽ ሲደርሰኝ ግን ትናንት የተለያየን መሰለኝ። ያው አንቺ ነሽ፤ ሰላምታውን ሳትጨርሺ ጥያቄ።

ልጆቹ «ትልቅ ውሻ ካልሆነ» ብለው እንደያዙሽ፣ አንቺም የውሻዬን የመከታን ፎቶ አይተሽ ሁለት ልብ እንደሆንሽ ጻፍሽልኝ። «ቤት የሚሞላ፣ ለሃጩን የሚያዝረከርክ ውሻ፣ ሰው ምን አይቶበት ነው እንዲህ የሚሞትለት?» አልሽ። በስልክ ሁለት መስመር ልመልስልሽ ጀምሬ ተውኩት። ይሄ ተረጋግተው ተቀምጠው የሚጽፉት ነገር ነው።

መጠኑን በፎቶ አትገምቺው። ዝርያው ኒውፋውንድላንድ ይባላል፤ ወንዱ ሲጎለምስ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ከ45 እስከ 55። ከመሬት እስከ ትከሻው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ደረቱ ጥልቅ፣ እግሩ ወፍራም። በብዛት የሚታየው ጥቁሩ ነው፤ ቡናማና ግራጫም አለ። ነጭና ጥቁር የሆነውን ላንድሲር ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው ይህን ውሻ ደጋግሞ ከሳለው ከእንግሊዛዊው ሠዓሊ ከኤድዊን ላንድሲር ነው። መከታ ጥቁር ነው። መንገድ ላይ ከሩቅ የሚያየን ሰው ድብ ይዤ የምሄድ ይመስለዋል፤ ደንግጦ የሚሻገርም አለ። ቀርቦ አይኑን ያየ ሰው ግን ሐሳቡን ይቀይራል። አይኑ ትንሽ ነው፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ድፍን ቡናማ። ሲያይሽ አይቸኩልም።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሰው በዚህ ውሻ ፍቅር የሚወድቀው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ትልቅነቱን ስለሚያውቅ ነው። ጉልበቱን ያውቃል፤ አውቆም ይቆጥበዋል።

በቅርቡ የጎረቤታችን ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ገና መሄድ የጀመረች ናት፤ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ዘፍ ትላለች። መከታ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሲያያት አልሮጠም፣ አልዘለለም። ፊት እግሮቹን ዘርግቶ በሆዱ ተኛ። ከዚያ አገጩን ወለሉ ላይ አሳረፈ፤ አይኑና አይኗ እኩል ሆነ። ልጅቷ መጥታ ጆሮውን በሁለት እጇ ጨመደደችው። እሱ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል፤ ቅንድቦቹ ከፍ ዝቅ ከማለታቸው በቀር ምኑም አልተንቀሳቀሰም። ትከሻው ላይ ተደግፋ ልትቆም ስትል ትንፋሹን ሁሉ የቀነሰ መሰለኝ። ይሄን ማንም አላስተማረውም። እናቷ አጠገቧ ነበረች፣ እኔም እጄን አንገቱ ላይ አድርጌያለሁ፤ የቱንም ያህል ገር ቢሆን ትንሽ ልጅና ውሻ ለብቻቸው አይተዉም። ጭራው ብቻ ዞር ሲል ሕፃን መጣል ይችላል።

ጠባዩ የመከታ ብቻ አይደለም። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ለዝርያው ያወጣው መስፈርት ከቁመቱም ከፀጉሩም በላይ የሚያስቀድመው የጠባዩን ገርነት ነው። ጠባዩ ከየት መጣ ካልሽ፣ ከሥራው የመጣ ይመስለኛል። ዝርያው የበቀለው በካናዳ ምሥራቅ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው በኒውፋውንድላንድ ደሴት ነው። ባለቤቶቹ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ውሻው በውኃው ላይ መረብ ይጎትታል፣ ከጀልባ ወደ ዳር ገመድ ያደርሳል፤ በክረምት ደግሞ ከጫካ እንጨት ይስባል። አስቢው፣ በጠባብ ጀልባ ከሰዎች ጋር ተጠጋግቶ የሚውል እንስሳ ነው። ቁጡና ተናካሽ ውሻ እዚያ ምን ቦታ አለው? ብዙ ትላልቅ ዝርያዎች የተዳቀሉት በር እንዲጠብቁ ወይም አውሬ እንዲይዙ ነው። ይሄኛው ግን ከሰው ጎን ሆኖ እንዲሠራ የተፈጠረ ነው። አሁንም ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀሺ ተነስቶ ይከተልሻል፤ ስትቀመጪ እግርሽ ላይ ይተኛል። ቆመሽ እንደሆነ ደግሞ መጥቶ ሙሉ ጎኑን ይደገፍብሻል። ያ ክብደት ሲያርፍብሽ የሚሰማሽን ነገር በጽሑፍ ላስረዳሽ አልችልም፤ መጥተሽ ራስሽ ታይዋለሽ።

ውኃውን ደግሞ ማየት አለብሽ። ጣቶቹ መሃል ቆዳ አለ፣ ስለዚህ መዳፉ ይቀዝፋል። ፀጉሩ ድርብ ነው፤ የላዩ ረዘም ያለና ቅባት ያለው፣ የሥሩ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ። አንድ ቀን ሐይቅ ውስጥ ሲዋኝ ቆይቶ ሲወጣ ፀጉሩን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ቆዳውን ነካሁት። ደረቅ ነበር። እኔ ስዋኝ ግን እሱ ለጨዋታ አይገባም። ይዞረኛል። ራቅ ካልኩበት ይደርስብኝና አንጓዬን በአፉ ይዞ ወደ ዳር ይመራኛል። ያን የሚያህል መንጋጋ እጄን ይዞ ይጎትተኛል፤ አንድም ቀን የጥርስ ምልክት ቀርቶብኝ አያውቅም። የሰመጥኩ መስሎት ነው ይሉኛል። ምንም ይምሰለው፣ እኔ አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

ይሄ በደሙ ያለ ነገር ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ስደተኞችን የጫነች ዴስፓች የምትባል መርከብ በዚያችው ደሴት ደቡብ ዳርቻ ዓለት መትታ ተሰበረች። አን ሃርቪ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ከአባቷና ከወንድሟ ጋር በጀልባ ወጣች። ማዕበሉ ጀልባዋን አላስጠጋ ሲል ውሻቸው ሄሪማን ዋኝቶ ገመድ አመጣ። በዚያ ገመድ ከ150 በላይ ሰው ዳነ። ዛሬም ጣልያን ውስጥ ለውኃ ነፍስ አድን ሥራ ውሾችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አለ፤ ኒውፋውንድላንዶች ከሄሊኮፕተር ሳይቀር እየዘለሉ ባሕር ይገባሉ።

ከሁሉ የሚነካኝ ግን የጋንደር ታሪክ ነው። መጀመሪያ የአንድ ቤተሰብ ውሻ ነበር፤ በኋላ ለወታደሮች ተሰጠና የካናዳ ሮያል ራይፍልስ የተባለው የጦር ክፍል አባል ሆኖ ሆንግ ኮንግ ዘመተ። በታኅሣሥ 1941 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውጊያ የቆሰሉ ወታደሮች አጠገብ የእጅ ቦምብ ወደቀ። ጋንደር ቦምቡን በአፉ አንስቶ ይዞት ሮጠ። እሱ ሞተ፤ ቁስለኞቹ ተረፉ። በ2000 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ለእንስሳት ጀግንነት የሚሰጠው የዲክን ሜዳይ ተሸለመ። ሶስና፣ ሮጦ እንዲያነሳው ያዘዘው ሰው አልነበረም። ይሄን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ቀና ብዬ መከታን አየዋለሁ።

አሁን ወደ ለሃጩ እንምጣ። እውነትሽን ነው፣ ያዝረከርካል። ከንፈሩ ሰፊና የተንጠለጠለ ስለሆነ ውኃ ጠጥቶ ሲመጣ የጠጣው ግማሹ ወለሉ ላይ ነው። ራሱን ሲያራግፍ ግድግዳው ላይ ይደርሳል። እኛ ቤት በየበሩ ፎጣ ተሰቅሏል፤ እንግዳም ለምዶታል። ፀጉሩም ሥራ ነው። በሳምንት ቢያንስ አንዴ እስከ ሥሩ ድረስ መበጠር አለበት፤ ከጆሮው ጀርባና ብብቱ ሥር ቶሎ ይቋጠራል። በዓመት ሁለቴ የሥሩ ፀጉር በብዛት ይረግፋል፤ ያኔ ቤቱን መጥረግ የዕለት ሥራ ይሆናል። ሙቀት አይችልም። ፀሐይ ሲበረታ ቀዝቃዛ ወለል ፈልጎ ይዘረጋል፤ የእግር ጉዞውን ጠዋት በማለዳ ወይም ሲመሽ ማድረግ ነው። ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ፎጣና ማበጠሪያ የሚያማርራት ሴት እንዳልሆንሽ አውቃለሁ።

የሚከብደው ሌላ ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከ8 እስከ 10 ዓመት። ትላልቅ ውሾች ከትናንሾቹ ቶሎ ያረጃሉ። ልጆችሽ ገና ትምህርት ቤት እያሉ ሊለያቸው እንደሚችል አሁኑኑ አስቢበት። እኔ ይሄን አውቄ ነው የወሰድኩት። መከታ አሁን አፉ ዙሪያ ሽበት ጀምሮታል፤ ሳበጥረው አየዋለሁ፤ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ግን የዚህ ውሻ ባለቤት የሆነ ሰው አንዱ ሲሞትበት ብዙ ጊዜ ሌላ ዝርያ አይፈልግም፤ ተመልሶ የዚሁኑ ቡችላ ይፈልጋል። ለጥያቄሽ ከዚህ የበለጠ መልስ ያለኝ አይመስለኝም።

ከወሰንሽ ደግሞ ቡችላው አንጀትሽን ሳይበላው በፊት ወላጆቹን ጠይቂ። ይሄ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል፤ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር መነሻው ላይ የሚጠብበት የልብ ሕመምም በዘር ይወርዳል። ስለዚህ የእናትና የአባቱን የዳሌ ራጅና የልብ ምርመራ ውጤት አሳዩኝ በይ። ሲስቲኑሪያ የሚባል የፊኛ ጠጠር የሚያመጣ የዘር በሽታም አለ፤ በዘረመል ምርመራ ይታወቃል። ወረቀት ለማሳየት የሚያመነታ አራቢ ካጋጠመሽ ትተሽው ውጪ። የቡችላው መልክ እንዳያታልልሽ።

ሲያድግ አታስቸኩዪው። ብዙዎቹ በስድስት ወራቸው ከ30 ኪሎ ያልፋሉ፣ አጥንታቸው ግን ገና ልጅ ነው። ለትላልቅ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀውን ምግብ ስጪው፤ ይወፍርልኝ ብለሽ ካልሲየም አትጨምሪበት፣ መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል። ደረጃ መውጣት መውረድና ከከፍታ መዝለል እስኪጠነክር ይቅርበት። በገመድ መሄድን ግን ገና ትንሽ ሳለ አስተምሪው። 10 ኪሎ እያለ ሲጎትትሽ ያስቃል፤ 60 ኪሎ ሲሞላ ማን ይይዘዋል? በቁጣ አታስተምሪው። ድምፅሽን ከፍ ካደረግሽበት ያዝናል፣ ፊቱን ያዞራል፤ በምስጋና ግን የማያደርግልሽ ነገር የለም።

አንድ ነገር ደግሞ በቃልሽ ያዢ። ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ውሾች ሆዳቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሊያስመልሰው እየሞከረ ምንም ካልወጣው፣ ሆዱ ከተወጠረ፣ እረፍት አጥቶ ከተንቆራጠጠ ነገ ይታያል አይባልም። ሌሊትም ቢሆን እዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሐኪሙ ቅርብ መሆኑን ቡችላው ከመምጣቱ በፊት አረጋግጪ።

የምትፈልጉት ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ከሆነ ግን እባክሽ ሌላ ፈልጊ። ይሄ ውሻ ውጭ ታስሮ የሚያድር አይደለም፤ ከሰው ሲለይ ይከሳል፣ ይተክዛል። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ባዶ የሚውል ከሆነም አይሆንም። ባለቤትሽ ከቤት ነው የሚሠራው ያልሽኝ ለዚህ ደስ አሰኝቶኛል።

እኔ የምለው፣ ከመወሰናችሁ በፊት ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ሁለት ቀን ከመከታ ጋር ይዋሉ፤ ያበጥሩት፣ ለሃጩን ይጥረጉለት፣ ገመዱን ይያዙ። ያኔም «እንፈልጋለን» ካሉ የሚፈልጉትን አውቀውታል ማለት ነው። እኔና አንቺም ያልተወራውን ሁሉ እናወራለን። አራቢ ካገኘሽ ደግሞ የወላጆቹን የምርመራ ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን። የምትመጡበትን ቀን ቶሎ አሳውቂኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ለእማማና ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ያንቺዋ ማርታ