በጠና ለታመሙ ልጆች ጤና ጣቢያም ሶሻል ወርከር ይመደብ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን አካባቢ በጠና የታመሙ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች የምናግዝ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች (ሶሻል ወርከሮች) ነን። በትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ቁጥራቸው ቢያንስም ሶሻል ወርከሮች አሉ። ልጁ ከሆስፒታል ወጥቶ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ ቤቱ ሲገባ ግን የሚከታተለው ሰው የለም። ሕክምናው በአብዛኛው የሚቋረጠው ደግሞ እዚህ ነው።

የደም ካንሰርን እንውሰድ። ልጆችን በብዛት የሚይዘው ዓይነት ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ነው። ይህ ምዕራፍ ከሠመረ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ልጁ መብላት ይጀምራል፣ ጎረቤቱም «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። በሽታው ግን በማይክሮስኮፕ በማይታይ መጠን አለ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ይመለሳል፤ የተመለሰውን ማከም ደግሞ ከፊተኛው ይከብዳል። የታክሲ ገንዘብ ባለቀበት ወር ልጁ ደጅ ኳስ ሲያባርር ያየች እናት «እስቲ ትንሽ እንቆይ» ብትል አይፈረድባትም። ይህን በምርመራው ቀን መንገር አይበቃም፤ «ካንሰር» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ወላጅ ሌላውን አይሰማም። በሳምንቱ ቤት ድረስ ሄዶ እንደገና ማስረዳት ያስፈልጋል። በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ ቀጠሮ ካለም ግድግዳው ላይ ባለው የእኛ ካላንደር ላይ አብሮ መክበብ ይገባል። በቀን ስህተት ብቻ የሚያልፍ ቀጠሮ አለ።

ሁለተኛው መሰናክል ወረቀት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር የሚወጣው ቤተሰቡ በሚኖርበት ወረዳ ነው። በከተማው ዳርቻ ያለው ተከራይ ግን መታወቂያው የቀድሞ ሰፈሩ ወይም የክፍለ ሀገር ነው፤ መሸኛ ሳያመጣ አዲስ መታወቂያ አያገኝም፤ በአዲስ አበባና በሸገር ከተማ ወሰን ላይ ያለው ደግሞ ከየትኛው ወረዳ እንደሚጠይቅ እንኳ ግራ ይገባዋል። ልጁ ከታመመ በኋላ ይህን መሯሯጥ የአባትየውን የቀን ሥራ ይበላል። ሶሻል ወርከሩ መጀመሪያ የሚያየው የልጁ ስም ደብተሩ ላይ መኖሩን፣ የእድሳት ጊዜው አለማለፉንና የጤና ጣቢያው ሪፈር በእጅ መኖሩን ነው። ከሆስፒታሉ ውጭ ለተገዛ መድኃኒት ማዘዣና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ አንድ ላይ ይቀመጥ። ሁሉም በአንድ የፕላስቲክ ፌስታል ውስጥ ሆኖ በር ጀርባ ይሰቀል፤ ሌሊት ሲሮጡ የሚፈለገው እሱ ነው።

ሌሊቱ የሚያስፈራው በትኩሳት ነው። ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ከተሰጠ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን በሽታን የሚከላከለው የልጁ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፤ በዚያ ጊዜ የሚነሳ ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር የለም፤ ግንባሩ በእጅ ይዳሰሳል፤ ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፤ ሙቀቱ ይወርድና «እስኪነጋ» ይባላል። ስለዚህ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይሰጥ፤ ብብት ሥር አድርጎ እስኪጮህ መጠበቅ ከእናትየዋ ጋር ይለመድ፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይኬድ። ሌሊት ታክሲ ስለማይገኝ መኪና ካለው ጎረቤት ጋር ዋጋውን ጭምር አስቀድሞ መነጋገር የግድ ነው።

እድርን በተመለከተ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እድር ለቀብር ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይሰጣል፤ ልጁ በሕይወት እያለ ለቀጠሮ ማመላለሻ ግን በደንቡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከሊቀመንበሩ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ ማቅረብ፣ የእናትየዋ እቁብ ቀድሞ እንዲወጣላት ሰብሳቢውን መጠየቅ፣ እነዚህ ሁሉ የሙያው ሥራዎች ናቸው። ከንስሐ አባት ጋር መነጋገርም እንዲሁ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ያንኑ ቃል ለካንሰርም ከካህን አፍ የሰማ ቤተሰብ መድኃኒቱን አይጥልም።

ለበሽተኛው ልጅ ወንድሞችና እህቶችም ጊዜ ይሰጥ። «ስለመታሁት ነው የታመመው» ብሎ የሚያስብ ታናሽ ወንድም ይኖራል፤ ጠይቆ የሚያወጣው ሰው ካላገኘ ዝም ይላል።

ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሥሩት የሚሉ አሉ። ቤቱን በማወቅ የሚተካከላቸው የለም፤ ግን የተሸከሙት ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ሥልጠናውም ሌላ ነው። ሙያው ደግሞ ለአገራችን አዲስ አይደለም፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1959 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ በደርግ ዘመን ተቋርጦ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. እንደገና ተከፍቷል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። በከተማው ዳርቻ ባለ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ አንድ ሶሻል ወርከር፣ ከስልክ ካርድና ከትራንስፖርት በጀት ጋር ይመደብ። ሆስፒታሉ ልጁን ሲያስወጣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ይላክ፤ ከወላጆች ስልክ በተጨማሪ የአከራዩ ወይም የባለሱቁ ቁጥር ይመዝገብ፤ የወላጅ ስልክ ባትሪው አልቆ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ቀጠሮ ካለፈ በዚያው ቀን ይደወል፣ ካልተገኙ በማግሥቱ በራቸው ይንኳኳ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንሠራ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች