የእናትህን መላጣ ዶሮዎች በተመለከተ

ደሴ፣ ኅዳር 12 ቀን

ውድ ወንድሜ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬህ ዛሬ የጻፍኩልህ በናፍቆት ብቻ ነው ብልህ አታምነኝም፤ ስለዚህ ይቅርታዬን ተቀበለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናትህ ኮምቦልቻ የሚያረቧቸው፣ እኔና አንተ «አሞራ» እያልን የምንስቅባቸው አንገተ መላጣ ዶሮዎች እስካሁን አሉ?

የመመረቂያ ጥናቴ በእነርሱ ላይ ሆኗል። (ሳቅ፤ ይገባኛል።) በእንቁላል ውስጥ ያለው ጽንስ ሰባት ቀን ገደማ ሲሞላው የጀርባው ቆዳ የላባ እንቡጥ በተርታ ማውጣት ይጀምራል፤ አንዳንድ ፕሮቲኖች እንቡጡን ሲያበቅሉ፣ ቢ.ኤም.ፒ የሚባሉት በመካከሉ ያለው ቆዳ ባዶ እንዲቀር ይከለክላሉ። መላጣዋ ዶሮ ታዲያ የላባ ዘረመል ጎድሏት አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ1ኛው ክሮሞዞም የመጣ ቁራጭ በ3ኛው ላይ ተሰክቶ በአቅራቢያው ያለውን የቢ.ኤም.ፒ 12 ዘረመል ከልኩ በላይ ያሠራዋል። በሌላው ገላዋ ላባዋ ሳሳ ብሎ አንገቷ ፈጽሞ የሚራቆተው ደግሞ፣ የማንኛውም ዶሮ የአንገት ቆዳ ሬቲኖይክ አሲድ (ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ንጥረ ነገር) ስለሚያመነጭና ክልከላው እዚያ ስለሚበረታ ነው። እኔ ይህንን በማይክሮስኮፕ፣ እንቡጥ በእንቡጥ እየቆጠርኩ ማየት እፈልጋለሁ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። የመጀመሪያዎቹን 30 እንቁላሎች መፈልፈያው ውስጥ ባስገባሁ በስድስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ተረኛው እኔ ነበርኩ፣ ግን ተኝቼ ነበር። የደሴን የኅዳር ብርድ ታውቀዋለህ። ጠዋት በስልኬ መብራት ሳያቸው የደም ሥሮቻቸው ደብዝዘው ነበር። ለአማካሪዬ ግን «አውራ ያልነካው እንቁላል ኖሯል» አልኳቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከቁጣ የከፋ ነው።

ስለዚህ 20 እንቁላል ለምንልኝ፤ ከተጣለ ሳምንት ያላለፈው፣ ፍሪጅ ያልገባ፣ በገለባ የታሸገ ይሁን። አውራውም መላጣ መሆኑን አረጋግጥ። ከአንገቷ ሥር ጥቂት ላባ ያላት ዶሮ ጠባዩን የወረሰችው ከአንድ ወላጇ ብቻ ስለሆነ፣ ጨርሶ ባዶ የሆኑትን ምረጥልኝ። ዋጋውን እከፍላለሁ፤ እናትህ እንደማይቀበሉኝ ባውቅም።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ። እነዚህ እንቁላሎች በዘጠነኛው ቀን ስለሚከፈቱ ጫጩት አይሆኑም። ይህንን አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ ቅዳሜ ራሴ ወርጄ ልንገራቸው?

ያው ጠፊው ወንድምህ